ሰላሳ ሲሲ

ልብስ ሰፊዋ ስድስት ኪሎ ጨምራ መጣች። ከአራት ወር በፊት ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ስትተኛ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ በሆስፒታሉ ጋውን ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ይኸው!» አለች። «ሲስተር፣ ይኸው አመጣሁልሽ። አሁን ደግሞ ስብ አጣንባት ብላችሁ እንዳታሙኝ።»

ሲስተር የተባለችው ሴት ሳቀች። ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም።

«በየሳምንቱ ቅዳሜ በሜትር እለካው ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሆዴን፣ ጭኔን፣ ዳሌዬን። ደንበኞቼ 'ልጅ አረገዝሽ እንዴ?' ይሉኛል። ጉንጭ ነው ያረገዝኩት እላቸዋለሁ። እስኪያቅለሸልሸኝ ነው የበላሁት፤ ሌሊት ተነስቼ ሁሉ። ምግብ እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ የሲስተርን ራስ አየች። «ኮፍያዎቹንም አላደረግሻቸውም። ጠበቡሽ?»

«አይ፣ ለክት ብዬ ነው።»

«ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ክት ምን ያደርጋል? ለማን ልትዘንጪ ነው፣ ለተኛ ሰው?»

ኮፍያዎቹ ሦስት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከትርፍራፊ ጨርቅ፣ ጠርዛቸውን ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፍታ፣ ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ለምስጋና ያመጣቻቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሴትዮዋ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደታጠፉ አሉ። አንዱን አንድ ቀን ጠዋት አድርጋው ነበር፤ መስታወት ፊት ሳትደርስ አወለቀችው።

ይህችን ሲስተር ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አንጣሪዋ» ናት። ስሙን ያወጣላት ሰመመን ሰጪው ነው። ታካሚው ተኝቶ እሱ ሥራ ሲፈታ ለሰው ሁሉ ስም ያወጣል፤ ይሄኛው ግን ልክ ገባላት። ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ከሰው ሆድ ወይም ጭን በቀጭን ቱቦ ስብ ይመጥና በሲሪንጅ ያቀብላታል። እሷ በጎን ጠረጴዛዋ ላይ ስቡን በሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ ታጥበዋለች፣ ማሽኑ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ ታሽከረክረዋለች። ሲወጣ በሲሪንጁ ውስጥ ያለው በሦስት ተከፍሎ ይቆማል፤ ከታች ደም የቀላቀለ ውሃ፣ መሃል ላይ ስቡ፣ ከላይ ደግሞ ከፈረሱ ሴሎች የወጣ ቢጫ ዘይት። ውሃው ከታች ቶሎ ይወርዳል። ዘይቱ ግን ልመና ይፈልጋል። ደፍተውት እንኳ ይቀራል፤ የቀረውን በተጠቀለለ የቁስል ጨርቅ፣ በጎዝ፣ ማስጠጣት፣ ጎዙን መቀየር፣ እንደገና ማስጠጣት፣ ጎዙ ደርቆ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ጎድጉዶ ለቀረ ፊት የሚተከለው የመሃሉ ብቻ ነው። ዘይት ቆዳ ስር ቢገባ ሥጋ አይሆንም፤ ወይ ሰውነት መጥጦ ያስወግደዋል፣ ወይ እንደ ሽምብራ ይቋጠርና ያምማል።

ልብስ ሰፊዋ የግራ መንጋጋዋ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ነበር። ዕጢው ተቆርጦ ወጣ፣ ጨረሩ ተከተለ፣ ነፍሷ ተረፈች፤ ጉንጯ ግን አውራ ጣት እንደተጫነው ሊጥ ገብቶ ቀረ። ሱቋ ውስጥ መኪናዋን አዙራ፣ ግራ ጎኗን ለግድግዳ ሰጥታ ነው የምትሰፋው። ደንበኛ ሁሉ ከቀኝ ፊቷ ጋር ነው የሚያወራው።

ከአራት ወር በፊት የቀኑ አምስተኛ ታካሚ ነበረች። ሰመመኑ ሳይወስዳት የአንጣሪዋን እጅ ይዛ፣ «ሲስተር፣ ቀዳዳ አታብዙብኝ። አካሌ እኮ መርፌ መሰኪያ ሆኗል» አለቻት። «አታስቢ» አለቻት አንጣሪዋም። ፕሮፌሰሩ ከሆዷ መጠጠ፣ መጠጠ፤ የሚወጣው ደም የበዛበት ቀጭን ነገር ሆነ። «ስንት ደረሰ?» ብሎ ጮኸ። ገና ከማሽኑ መውጣቱ ነበር። «ስንት ደረሰ እኮ ነው የምልሽ! ሰላሳ ካልሞላ ጭኗን እንከፍታለን፤ ቶሎ ንገሪኝ!»

ሲሪንጆቹን አየች። ዘይቱ ከላይ እንደቆመ ነው፤ ከታችም ውሃው ሁሉ አልወጣም። አጣርታ ለመንገር አሥር ደቂቃ ያስፈልጋታል። ሁሉንም ስትደምር፣ ዘይቱንም ውሃውንም ስቡንም፣ ቁጥሩ ልክ ሰላሳ ላይ ነበር።

«ሰላሳ ሲሲ» አለች።

ማንም መጥቶ አላየም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጎዝ የሚቆጠረው በሁለት ሰው፣ ጮክ ተብሎ፣ ሦስት ጊዜ ነው። መቀስ እንደዚሁ። አንዲት መርፌ ብትጎድል ቤቱ ይተራመሳል። የሰው ፊት የሚሞላው ስብ ግን የሚቆጠረው በአንድ ሰው ዓይን ነው፤ አንጣሪዋ ሰላሳ ካለች ሰላሳ ነው። ፕሮፌሰሩም ተከለው። ከሰላሳው ውስጥ ስብ የነበረው አስራ ስምንት ቢሆን ነው።

በወሩ ጉንጩ ላይ ሁለት ጠጣር ጓል ቋጠረ። ልብስ ሰፊዋ አተኮሳት፣ ቋጠሮው በመርፌ ተመጠጠ። በሦስተኛው ወር ጉንጩ ሟሽሾ ተገኘ። ፕሮፌሰሩ በፎቶና በመለኪያ አስተያይቶ ከሰላሳው አስሩ ብቻ መቅረቱን ነገራት። «ሰውነትሽ በላው» አላት። «ሳትተኚበት አልቀረሽም።»

በሕክምና ቤት አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚፈለገው ታማሚው ዘንድ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ስለሚገኝ ለመያዝ ይቀላል። ወይ ተኝቶበታል፣ ወይ አክኮታል፣ ወይ መድኃኒቱን በሰዓቱ አልዋጠም፣ ወይ «ሰውነቱ በላው»። የሰው ሰውነት ስንት የባለሙያ ስህተት ሲበላ እንደኖረ ቢጻፍ መዝገብ ቤቱ አይበቃውም። አንጣሪዋ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለዓመታት ስትሰማው ኖራለች፣ ስትሰማም በሆዷ ስትሳደብ ኖራለች። ያን ቀን ግን «ሰውነትሽ በላው» ሲባል ጥግ ላይ ቆማ ጓንት እያወለቀች ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

አሁን የልብስ ሰፊዋ እናት ከአልጋው ማዶ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው ባዶ ባለመደገፊያ ወንበር አለ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይመችዎታል» አለች አንጣሪዋ ወንበሩን እየሳበች።

«ተይኝ ልጄ። መደገፊያ ካገኘሁ እተኛለሁ።»

«እማዬ፣ ደግሞ ልትጀምሪ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለሲስተር ብነግራት ምን አለበት? የቤት ሰው ናት።» እናትየው ወደ አንጣሪዋ ዞሩ። «ባለፈው እኔ ነበርኩ ጠባቂዋ። 'በግራ ጉንጯ እንዳትተኛ' ብላችሁ አደራ የሰጣችሁኝ ለእኔ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ጠበቅኋት። በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ እንዲያው ለቅጽበት፣ ሶፋው ላይ ደገፍ እንዳልኩ ወሰደኝ። ስነቃ በግራዋ ተኝታለች። ጉንጯ ትራሱ ውስጥ ገብቷል።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሦስት ወር ደበቅኋት። ሐኪሙ 'ተኝተሽበት ነው' ሲላት ግን አልቻልኩም። እኔ ነኝ አልኳት። የልጄን ፊት እንቅልፌ በላው።»

አንጣሪዋ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። የትራሱን ጠርዝ ያለ ምንም ምክንያት አስተካከለች። አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ አሁን አለች በልቧ፤ ከአፏ ግን የወጣው ሌላ ነው። «ትንሽ ብትተኛበት እንኳ… ያን ያህል አይደለም እኮ እማማ።»

«አንቺ መቼም ደግ ነሽ» አሉ እናትየው።

ደግ። ቃሏ እንደ ጥፊ ጮኸችባት።

«ዛሬ ግን ይካካሳል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክፍሉን ለማቅለል። «ፕሮፌሰሩ ማታ መጥቶ በእስክሪብቶ ሞነጫጨረኝ። ከሆዴ፣ ከሁለቱም ጭኔ፣ ከወገቤ። አርባ አምስት አስገባለሁ አለኝ። 'አንቺ ከሦስት አንድ ነው የምታስቀሪው፤ ስለዚህ አትረፍርፌ ነው የምሞላሽ' አለኝ። ይሄ ካልያዘ ግን ከእንግዲህ አይነካኝም። ሰውነቷ አይቀበልም ብሎ ይዘጋዋል።»

አርባ አምስት። አንጣሪዋ መደርደሪያውን ይዛ ቆመች። ጨረር የመታው ጉንጭ ደረቅና ጠባብ ነው። ከልኩ በላይ ከታጨቀበት ስቡ እርስ በርሱ ይተናነቃል፤ ደም አያገኝም፣ ይሞታል፣ አንዳንዴም ከላይ ያለችውን ቆዳ ይዞ ይሞታል። ይህ ሁሉ ስሌት ደግሞ የቆመው በእሷ ሰላሳ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ያለፈ ነገር ነው ብላ ራሷን ስታጽናና ከርማለች። ያለፈ ነገር የለም፤ ቁጥሩ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ዛሬ ሊሠራ ተነስቷል።

ፕሮፌሰሩን መታጠቢያው ጋ አገኘችው። እጁን እስከ ክርኑ አረፋ አልብሶ ይፈትጋል። ሲናገር ወደ ሰው የማይዞር፣ እጁ ግን ለታካሚ የማይሰስት ሰው ነው።

«ፕሮፌሰር፣ አርባ አምስት አይበዛም?»

«ሂሳብ ነው። ሰላሳ ሰጥተናት አስር አስቀረች። አስራ አምስት እንዲቀርላት አርባ አምስት ይገባል።»

«ያኔ ሰላሳ አልነበረም።»

እጁ ቆመ። ቧንቧውን በክርኑ ዘጋው። የውሃው ድምፅ ሲቀር የእሷ ትንፋሽ ተሰማ።

«ስንት ነበር?»

«አስራ ስምንት። ሌላው ዘይትና ውሃ ነው። ሳላጣራ ነው የነገርኩዎት።»

«ሳታጣሪ» አለ። «አንቺ። ሳታጣሪ።» አረፋው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ለእሱ ባልተለመደ ልስላሴ፣ «አዝነሽላት ነው፤ ጭኗ እንዳይከፈት» አለ።

በሩ ተከፈተላት። አራት ወር ሙሉ እሷም ለራሷ የከፈተችው በር ነው፤ ቀዳዳ እንዳይበዛባት ብዬ ነው፣ ለምናኝ ነው፣ አንጀቴን በልታኝ ነው። ርኅራኄ ስንፍናን ለመሸፈን እንዴት ያለ ሰፊ ልብስ ነው! አንጣሪዋ ያን በር አየችና አልገባችበትም።

«አይደለም» አለች። «አዝኜላታለሁ፤ ግን ለዚያ አይደለም። ደክሞኝ ነው። እግሬ አብጦ ነበር። እርስዎ ሁለት ጊዜ ጮኸውብኛል፤ ሦስተኛውን መስማት አልፈለግሁም።»

«ስለዚህ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አልሽ እንጂ! በቁሜ አልሽኝ! እኔ እኮ ፋይሏ ላይ 'የጥንቃቄ ጉድለት' ብዬ ጽፌያለሁ። በእጄ! ሴትዮዋን ፊት ለፊት ተኝተሽበት ነው ብያታለሁ!» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ተመለሰች። «ስንት ሰው ነው በአንቺ ቁጥር የሠራሁት? ዛሬ ማታ የስንቱን ፋይል ልክፈት?»

«የእሷ ብቻ ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

እውነትም በምን ያውቃል?

ቀስ በቀስ የፕሮፌሰሩ ፊት ከንዴት ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ ከንፈሩ ያሰላ ጀመር። «ከአስራ ስምንት አስር… ከግማሽ በላይ ነው እኮ። ጨረር ለመታው ጉንጭ በጣም ጥሩ ነው! የሴትዮዋ ሰውነት ምንም አልጎደለውም። ለዛሬ ሃያ ይበቃታል፤ አስራ አንድ ያህል ይቀርላታል፣ የጎደለ ካለ ሌላ ጊዜ ይሞላል። ከሃያ በላይ ብጨምር ላበላሸው ነበር።» ቧንቧውን መልሶ ከፈተ። «ያንቺን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን። ለቤተሰቡ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

እኔ አነጋግራቸዋለሁ። በነጭ ጋውን ዓለም ይህቺ አነጋገር ማንም አያነጋግራቸውም ማለት ናት።

ኦፕራሲዮኑ ተጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ስድስት ኪሎዋን ይዛ ተኛች። ፕሮፌሰሩ ከሆዷ መጠጠና ሲሪንጆቹን አቀበለ። አንጣሪዋ አጠበች፣ አሽከረከረች፣ ውሃውን አወረደች፣ ዘይቱን ደፋች፣ ጎዝ አስገባች። ጎዙ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ቀየረችው። እንደገና ቢጫ ሆነ። እንደገና ቀየረችው።

«ዛሬ ምን ነካት?» አለ ሰመመን ሰጪው። «ወርቅ ነው እንዴ የምታነጥረው? ሴትዮዋ ሳትነቃብኝ ጨርሺ እንጂ።»

ማንም አልሳቀም። ፕሮፌሰሩ «ስንት?» አለ፤ ሳይጮህ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጠበቀ። እንዲህ ሲጠብቅ ያየው የለም። ጎዙ ደርቆ ወጣ። አንጣሪዋ ሲሪንጆቹን ደመረች።

«አስራ ስድስት።»

ፕሮፌሰሩ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ ወደ ጎን ጠረጴዛው መጥቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ቀና እያደረገች አሳየችው፤ ሰመመን ሰጪው ቅንድቡን ሰቅሎ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ውርደቱ ከጆሮዋ ጀምሮ አንገቷ ድረስ አቃጠላት። ፕሮፌሰሩ ተመልሶ ሄዶ ምላጩን አነሳ፣ የልብስ ሰፊዋን ጭን ወደ ውጭ ዘርጋ አደረገና፣ በውስጥ በኩል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የምትሆን ቀዳዳ ከፈተ።

አንጣሪዋ ዓይኗን አላዞረችም። ያቺ ቀዳዳ ከአራት ወር በፊት አንድ ጊዜ ተከፍታ ብትሆን ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ስድስት ኪሎውም፣ ትኩሳቱም፣ ሁለተኛው ሰመመንም። ለምናት ነበር። ልመናዋን ሰማሁ ብላ በዚያው ልመና ሸጠቻት።

ሃያ ሞላ። በሃያው ውስጥ ጠብታ ዘይት አልነበረም። ፕሮፌሰሩ በትንንሹ፣ በክር በክር፣ በጉንጩ ውስጥ እየደረደረ ተከለው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ኮሪደር ወጣ። አንጣሪዋ የታካሚዋን ፋይል ይዛ ከኋላው ነበረች። እናትየው ከአግዳሚው ጫፍ ብድግ አሉ።

«ጥሩ ሆኗል እናቴ። በጣም ጥሩ ነው።»

«ተመስገን። ዶክተር፣ አሁንስ አልተኛም። ምዬአለሁ።»

«አዎ፣ እንግዲህ ጥንቃቄ ነው ዋናው» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ሰዓቱን እያየ። «ያለፈው እንዳይደገም።»

ምናልባት በክፋት አልነበረም። ከአፍ የሚወጣ የዕለት ነገር ነው፤ ሺህ ጊዜ የተባለ። እናትየው ግን እንደተቀጣ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ፕሮፌሰሩ አራት እርምጃ ሄደ። አምስት ሄደ።

«እማማ» አለች አንጣሪዋ። «እርስዎ አይደሉም።»

«ምኑ ልጄ?»

«ባለፈው የተበላሸው። ስለተኛችበት አይደለም። እርስዎ ስላንቀላፉም አይደለም። እኔ ነኝ። ስቡን ሳላጣራ፣ ከነዘይቱ ቆጥሬ አስተከልኩት። ጉንጯ ውስጥ የገባው ግማሽ ያህሉ የማይረባ ነገር ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ቆሟል። አልተመለሰም፤ አልሄደምም።

እናትየው መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለም። ፋይሉን አዩ፣ ኮሪደሩን አዩ፣ የአንጣሪዋን እጆች አዩ።

«አራት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

«እዚሁ!» አሉ። «ጠዋት ስነግርሽ እዚሁ ነበርሽ። ትራስ ታስተካክይ ነበር። እኔም ደግ ነሽ አልኩሽ!» እጃቸው ተነሳ፤ ይመቷታል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አልመቷትም። ጋውኗን ደረቷ ላይ ጨብጠው ያዟት እንጂ። «እኔ ልጄን በየቀኑ ይቅር በይኝ እላታለሁ። በየቀኑ! 'እማዬ ተይው' ትለኛለች፤ እኔ አልተወውም። አሁን አንቺ ግቢና ጠይቂያት። በእኔ አፍ አይደለም፤ በራስሽ። ይቅር ትበልሽ አትበልሽ የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ይቅር አላልኩሽም። ሰማሽ? እኔ አላልኩሽም!»

«ሰማሁ።»

ማገገሚያው ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊዋ በጀርባዋ፣ ጭንቅላቷ ከፍ ብሎ፣ ተኝታለች። የግራ ጉንጯ አብጧል፣ ቀልቷል፤ ሞልቷል። አንጣሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከኦፕራሲዮን ክፍል መጥተው ቀጣዩ ታካሚ ደረሰ አሏት። «ሌላ ሰው ይግባ» አለች፤ ሳትነሳ። ሰመመኑ ሙሉ በሙሉ እስኪለቃት አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀች። ሌላ ጊዜ አሥር ደቂቃ ያጣች ሴት ናት።

«ሲስተር… አለቀ?»

«አለቀ።»

«እማዬስ?»

«ውጭ ናቸው። መጀመሪያ አንቺ ግቢ አሉኝ።»

«ምነው? ሞትኩ እንዴ?» ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ሞክራ ጉንጯ አልታዘዝ አላት።

«ነቅተሻል? የምልሽ በደንብ ይሰማሻል?»

«እንዲህ ስትይ ማን አይነቃ።»

«ባለፈው ጉንጭሽ የሟሸሸው እናትሽ ስላንቀላፉ አይደለም» አለች አንጣሪዋ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዘይቱን፣ ሰላሳውን፣ እግሯ አብጦ እንደነበር፣ የዛሬዋን የጭኗን ቀዳዳ። ለራሷ ያደላችበትን ቃል ስታገኝ ወደኋላ ተመልሳ ታርመዋለች። ይቅርታ አድርጊልኝ የምትለው ላይ ስትደርስ ተንተባተበች፤ እንደገና ጀመረችና አለችው።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ጣራው መለሰች።

«ስለዚህ እማዬ ምንም አላደረገችም።»

«ምንም።»

«ያ ሁሉ ለቅሶ በከንቱ ነው።»

«በእኔ ነው።»

«ጥሪልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗ እየሞላ። «እማዬን አሁኑኑ ጥሪልኝ።» አንጣሪዋ ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ ከኋላዋ ድምፁ ጠንክሮ መጣ። «አንቺም እንዳትሄጂ። ገና አልጨረስኩሽም።»